ፋይበር ብራግ ግሬቲንግ ምንድን ነው?

ፋይበር ብራግ ግሬቲንግ በኦፕቲካል ፋይበር (ብርሃን በሚያስተላልፍ ቀጭን የመስታወት ክር) እምብርት ውስጥ በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚሠራ፣ እኩል ርቀት ያላቸው የስስ ንብርብሮች ረድፍ ነው። ንብርብሮቹ ጭረት አይደሉም፤ መስታወቱ ብርሃንን የመስበር አቅሙ በጥቂቱ ከፍ ያለባቸው ቦታዎች ናቸው። በመካከላቸው ያለው ርቀት 535 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው) ገደማ ከሆነ፣ በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ ከ18 ሺህ በላይ ይደረደራሉ።

መነሻው በ1978 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ ነው። ኬን ሂልና ባልደረቦቹ የአርጎን ሌዘር ብርሃን በፋይበር ውስጥ ሲልኩ፣ ተመልሶ የሚወጣው ብርሃን እየበረታ መሄዱን አስተዋሉ። ለካስ ብርሃኑ ራሱ መስታወቱን ለውጦት ነበር!

እያንዳንዱ ንብርብር ከሚያልፍበት ብርሃን እጅግ ጥቂቱን ይመልሳል። አብዛኛው ነጸብራቅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። በአንድ የሞገድ ርዝመት ላይ ብቻ፣ በምሳሌያችን 1550 ናኖሜትር አካባቢ፣ ሁሉም ይደማመርና ጎልቶ ይመለሳል። ክሩ ሲሳብ የንብርብሮቹ ርቀት ይሰፋል፤ ተመላሹ ሞገድም ይረዝማል፤ መለጠጡን የምንለካው በዚህ ነው። አንድ ሜትር በአንድ ማይክሮሜትር (በሜትር አንድ ሚሊዮንኛ) የሚረዝምበትን ያህል ሲለጠጥ፣ ሞገዱ የሚጨምረው 1.2 ፒኮሜትር ያህል ነው፤ ፒኮሜትር የናኖሜትር አንድ ሺህኛ ነው።

ከሁሉ የማደንቀው፣ መልሱ የሚነበበው ከብርሃኑ ድምቀት ሳይሆን ከሞገድ ርዝመቱ መሆኑን ነው። የብርሃን ምንጩ ቢደክም ወይም ክሩ መንገድ ላይ ታጥፎ ብርሃን ቢያባክን ልኬቱ በቀላሉ አይዛባም። በክሩ ውስጥ ኤሌክትሪክ ስለማያልፍም ከፍተኛ ቮልቴጅ ባለበት ቦታ ይሠራል።

ፈተናው ሙቀት ነው። የአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጭማሪ ሞገዱን 10 ፒኮሜትር ገደማ ያስረዝመዋል፤ ይህም በእያንዳንዱ ሜትር ስምንት ማይክሮሜትር ያህል መለጠጥን ይመስላል። ፀሐይ ያረፈበት ድልድይ ጭነት የተጫነበት ሆኖ ይታያል ማለት ነው። ይህን ያልለየ ቁጥር፣ የቱንም ያህል ቢረቅ፣ እኔ ልኬት ብዬ አልቀበለውም።

ጥቃቅን መፈናቀልን፣ ማለትም የአንድን አካል ከቦታው መንቀሳቀስ፣ ለመለካት ግን ቆንጆ መላ አለ። የአንድ ስስ ዝርግ ብረት አንዱ ጫፍ ጠብቆ ይታሰራል፤ ነፃው ጫፍ የሚንቀሳቀሰውን አካል እንዲነካ ይደረጋል፤ በላይኛውና በታችኛው ገጹ ላይ አንድ አንድ ግሬቲንግ ይለጠፋል። ጫፉ ወደ ታች ሲገፋ የላይኛው ይለጠጣል፣ የታችኛው ይጨመቃል። ሙቀት ግን የሁለቱንም ሞገድ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ በእኩል መጠን ይለውጣል። የአንዱን ሞገድ ከሌላው ስንቀንስ የሙቀቱ ድርሻ ይጠፋል፤ የመፈናቀሉ ምልክት ደግሞ እጥፍ ይሆናል።