የብዙ ጂኖች ድቅል ምንድን ነው?

ከአዳማ ወጣ ብሎ፣ በወንጂና በቆቃ በኩል ቲማቲም የሚያለማ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። ውድ የሃይብሪድ፣ ማለትም የድቅል ዘር ተገዝቶ ተዘራ። ማሳው አንድ ዓይነት ሆኖ አማረ። «በየጊዜው ከምገዛ» ተብሎ ከምርጡ ፍሬ ዘር ተያዘ። በቀጣዩ ወቅት ግን አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ክብ፣ አንዱ ሞላላ ሆኖ አረፈው። ከዚያ ሰው ሁሉ ዘሩ ተበላሸ ይላል።

ዘሩ ምንም አልሆነም። እንዲያውም ምን ያህሉ ምን እንደሚመስል አስቀድሞ በእስክሪብቶ ማስላት ይቻል ነበር።

ቲማቲም ከእያንዳንዱ ጂን፣ ማለትም ባሕርይን ከሚወስነው የዘር መመሪያ፣ ሁለት ቅጂ አለው፤ አንዱ ከእናት፣ ሌላው ከአባት። በብዙ ጂኖች ላይ ሁለቱ ቅጂዎች የሚለያዩበት ተክል የብዙ ጂኖች ድቅል ይባላል። በሃይብሪዱ ውስጥ ሁለቱ ቅጂዎች ሲለያዩ ብዙ ጊዜ አንዱ ጎልቶ ይታያል፣ ሌላው ይደበቃል። የቲማቲም አበባ ደግሞ በአብዛኛው የሚዳቀለው ከራሱ ጋር ነው። ስለዚህ ከሃይብሪድ በተያዘ ዘር ውስጥ ሁለት የተደበቁ ቅጂዎች የመገናኘት ዕድላቸው 1/4 ነው። ያን ጊዜ የተደበቀው ባሕርይ ይወጣል።

ተማሪ የሚደናገጠው ጂኖቹ ሲበዙ ነው። የወላጆችን ቅጂዎች በረድፍና በዓምድ እያገናኘ ልጆቹን በሳጥን በሚያሳየው በፐኔት ሠንጠረዥ ሁለት ጂን 16 ሳጥን፣ ሦስት ጂን 64፣ አራት ጂን 256 ሳጥን ይፈልጋል። እኔ የምመክረው ሠንጠረዡን መተው ነው። እያንዳንዱን ጂን ለየብቻ አስሉ፣ ከዚያ አባዙ። በቃ።

በቲማቲም እንየው። ቀይ ሥጋ ቢጫውን ይሸፍናል። እያደገ የሚሄደው ቁመት ቁጥቋጦ ሆኖ የሚቀረውን ይሸፍናል። ሦስተኛው ልጣጩ ነው። ቀይ ቲማቲም በፈላ ውሃ ነክራችሁ ላጡትና ልጣጩን ወደ ብርሃን ያዙት፤ ቢጫ ነው። ቀለም የለሽ ልጣጭ ያለውም አለ። ቀይ ሥጋ በዚህ ልጣጭ ሲሸፈን ፍሬው ሮዝ ይመስላል። ቢጫው ልጣጭ ቀለም የለሹን ይሸፍናል።

አንድ ሃይብሪድ የሦስቱንም ጂኖች ሁለት ሁለት መልክ ይዟል እንበል። እኛ የምንፈልገው ሮዝ ሆኖ ቁጥቋጦ የሆነውን ነው። ቀይ ሥጋ 3/4፣ ቀለም የለሽ ልጣጭ 1/4፣ ቁጥቋጦ 1/4። ሲባዛ 3/64 ይሆናል። ስልሳ አራት ሳጥን ሳንሞላ ደረስንበት።

የዘር ውርስ ጥናት መሥራች የሚባለው ሜንዴል በ1866 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ፣ ሁለት ባሕርያትን አብሮ ሲከታተል በአተር ላይ ያገኘው ይህንኑ ነው። ከ556 ፍሬዎች ሁለቱንም የተደበቁ ባሕርያት ያሳዩት 32 ነበሩ። 1/16ኛው ወደ 35 ስለሚሆን፣ በጣም ቅርብ ነው።

ማባዛቱ ግን ሁልጊዜ አይሠራም። ጂኖች የሚደረደሩት ክሮሞሶም በሚባሉ ክሮች ላይ ነው። የእኛ ሦስት ጂኖች በክሮሞሶም 3፣ 1 እና 6 ላይ ስላሉ እያንዳንዱ ለብቻው ይተላለፋል። የድንች ቅጠል የሚመስል ቅጠል የሚያወጣው ጂን ግን እዚያው ክሮሞሶም 6 ላይ፣ ለቁመቱ ጂን ቅርብ ነው። እነዚህ ሁለቱ ተያይዘው ስለሚሄዱ ስሌቱ ይለወጣል። ብዙ ጂን አንድን ባሕርይ የሚጋራበትም ጊዜ አለ። ስዊድናዊው ኒልሰን ኤህሌ በ1909 እ.ኤ.አ. ስንዴ ላይ ያሳየው እንዲህ ያለውን ነው፤ ሦስት ጂኖች ቀለሙን ተጋርተው 63 ቀይ ለ1 ነጭ ወጣ፣ ቀዮቹም እርስ በርስ ደመቅና ፈዘዝ ይሉ ነበር። ምርትና የፍሬ ክብደትም በብዙ ጂኖች ስለሚወሰኑ በሳጥን አይያዙም።

አሁን ወደ ማሳው እንመለስ። 3/64 ማለት 64 ከዘራችሁ የግድ ሦስት ታገኛላችሁ ማለት አይደለም። ቢያንስ አንድ ለማግኘት 95 በመቶ እርግጠኛ መሆን የሚፈልግ ሰው 63 ተክል ያስፈልገዋል። የምትፈልጉት ሦስቱንም የተደበቁ ባሕርያት የያዘውን፣ ማለትም 1/64ኛውን ከሆነ ደግሞ 191።

ሮዝ ቁጥቋጦው ሲገኝም ሥራው አላለቀም። ልጣጩና ቁመቱ ከእንግዲህ አይለወጡም፣ ሁለቱም የተደበቁት ቅጂዎች ናቸውና። ሥጋው ግን ያሳስባል። እንዲህ ካሉ ሦስት ተክሎች በአማካይ ሁለቱ የቢጫውን ቅጂ ደብቀው ይዘዋል። በዓይን አይለዩም። ስለዚህ የእያንዳንዱን ተክል ዘር በየፖስታው ለይታችሁ ያዙ፣ በሚቀጥለው ወቅትም በየመስመሩ ለይታችሁ ዝሩ። ቢጫ የታየበትን መስመር ጣሉት። ከየመስመሩ 11 ተክል ካያችሁና ሁሉም ሮዝ ከሆነ፣ ያን መስመር ለዘር ያዙት።