ኬዝ ኢንተርቪው ምንድን ነው?

ኬዝ ኢንተርቪው የማኔጅመንት አማካሪ ድርጅቶች ሠራተኛ ሲቀጥሩ ከሚያካሂዱት ቃለ መጠይቅ ዋናውን ክፍል የሚይዝ ፈተና ነው። ጠያቂው የአንድን ድርጅት ችግር በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ያቀርባል፤ ተፈታኙ ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ፣ ያለ ካልኩሌተር፣ ግማሽ ሰዓት ያህል በሚፈጅ ውይይት ችግሩን ከጠያቂው ፊት ይፈታል። ኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) ጨርሶ በአማካሪነት ሙያ መሰማራት የሚፈልግ ሰው፣ ውጤቱ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ በትልልቆቹ ድርጅቶች ዘንድ ይህን ሳያልፍ አይቀጠርም።

ፈተናው ለምን እንዲህ ሆነ ቢባል፣ መልሱ ከሥራው ጠባይ ይመነጫል። ከትልልቆቹ አማካሪ ድርጅቶች አንዱ የሆነውን ማኪንዚን በ1926 እ.ኤ.አ. በቺካጎ የመሠረቱት ጄምስ ማኪንዚ የሒሳብ አያያዝ መምህር ነበሩ፤ ቦስተን ኮንሰልቲንግ ግሩፕ በ1963፣ ቤይን ደግሞ በ1973 ተከተሉ። እነዚህ ድርጅቶች የሚቀጥሩት ወጣት ዘንድሮ በሲሚንቶ ፋብሪካ፣ ከርሞ በሆስፒታል ሊመደብ ይችላል። ስለ ሲሚንቶ ምን ያህል ያውቃል ብሎ መፈተን ስለዚህ ብዙም አይጠቅምም፤ የማያውቀው ጉዳይ ሲገጥመው ከየት እንደሚጀምር ማየት ግን ይጠቅማል።

ኤምቢኤ ከጨረሱና በመጨረስ ላይ ካሉ ጥቂት ወጣቶች ጋር በየቅዳሜው በአዲስ አበባ፣ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ በብሎካችን ኮሙናል ውስጥ ኬዝ እንለማመዳለን። በኢንተርኔት የሚገኙት መለማመጃዎች አብዛኞቹ ስለ ባሕር ማዶ አየር መንገዶችና የመደብር ሰንሰለቶች የተጻፉ በመሆናቸው፣ እኔ ሁልጊዜ ከደጃችን ባለ ጉዳይ እጀምራለሁ። ቁጥሮቹ ለልምምድ የተዘጋጁ ናቸው፤ ችግሩ ግን ሰፈሩን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም።

የአንድ ዳቦ ቤት ባለቤት እንዲህ ትላለች፦ «በቀን የምጋግረው 3,000 ዳቦ ዘንድሮም አልቀነሰም፤ አንድም ሳይተርፍ ይሸጣል። ትርፌ ግን ወርዷል። ምን ላድርግ?» ይህን የሰማ ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ይመልሳል፦ ዱቄት ተወድዷል፣ ሠራተኛ ትቀንስ፣ ማስታወቂያ ታሠራ። አንዱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ግምት ስለሆነ አያሳልፍም። የሠለጠነ ተፈታኝ አንድ ሁለት ደቂቃ ለማሰብ ይጠይቅና በወረቀቱ ላይ ትርፍን በገቢና በወጪ ይከፍላል፤ ወጪውን ተጋገረም አልተጋገረም በማይቀረው፣ ማለትም በኪራይና በደመወዝ፣ እንዲሁም ከዳቦው ብዛት ጋር በሚጨምረው፣ ማለትም በዱቄት፣ በእርሾ፣ በመብራትና መብራት ሲጠፋ በሚነደው የጄኔሬተር ናፍታ ይለያል። በ1960ዎቹ በማኪንዚ ይሠሩ የነበሩት ባርባራ ሚንቶ ያስተማሩት «ሚሲ» የተባለው መርሕ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ክፍሎቹ እርስ በርሳቸው አይደራረቡ፣ ሲደመሩም የሚጎድል አይኑር።

ከዚያ ተፈታኙ ይጠይቃል፤ ጠያቂው ይመልሳል። የዱቄቱ ዋጋ አልተለወጠም። ኪራዩም፣ ደመወዙም፣ ናፍታውም እንዳለ ነው። በመስኮት የሚሸጠው ዳቦ ዘንድሮም 10 ብር ነው። ብዛቱ ያው፣ ዋጋው ያው፣ ወጪው ያው፤ ታዲያ ትርፉ የት ሄደ? ብዙዎች እዚህ ላይ ይቆማሉ። በእኔ አስተያየት ፈተናው በሙሉ ያለው በዚህች ቅጽበት ነው፤ የቀረችው ጥያቄ አንዲት ናትና፦ «ዳቦውን የሚገዛት ማን ነው?»

አምና 2,500ው በመስኮት በ10 ብር፣ 500ው ለሱቆች በ8 ብር ከ50 ሳንቲም ይሸጥ ነበር፤ የቀኑ ገቢ 29,250 ብር። ዘንድሮ በመስኮት የሚሸጠው 1,000 ብቻ ሲሆን 2,000ው ለሱቆች ይሄዳል፤ የቀኑ ገቢ 27,000 ብር። በቀን 2,250፣ በወር 67,500 ብር የጠፋው እዚህ ነው። ምክንያቱን ለማወቅ ሰፈሩን በዓይነ ኅሊና መዞር ይበቃል፦ በየብሎኩ ምድር ቤት ሱቅ ሲከፈት ነዋሪው ያንኑ ዳቦ ከደረጃው ሥር ያገኘዋል፤ እስከ ዳቦ ቤቱ ለምን ይሂድ?

ምክሩም ከዚህ ይወጣል። ሠራተኛ መቀነስ ችግሩን አይነካውም። ለሱቆች 50 ሳንቲም ቢጨመር በቀን የሚመለሰው 1,000 ብር ነው፤ ይህም ከጎደለው ግማሽ አይሞላም፣ ሱቆቹም ወደ ሌላ ዳቦ ቤት ሊሄዱ ይችላሉ። በመስኮት በኩል ሱቅ የማይዘውን፣ ለማኅበርና ለበዓል የሚታዘዝ ድፎ ዳቦን ማሳደግ የተሻለ ተስፋ አለው። ተፈታኙ መደምደሚያውን አስቀድሞ ይናገራል፤ ማስረጃውን ያስከትላል፤ የሚያሠጋውንም አይደብቅም።

በቱሉ ዲምቱ በቀን ስንት እንጀራ ይገዛል እንደሚሉት ያሉ የግምት ጥያቄዎችም አሉ። አካሄዳቸው ያው ነው፦ የቤተሰቡ ቁጥር፣ ከዚያ ውስጥ ገዝቶ የሚበላው ድርሻ፣ ለአንድ ቤት የሚያስፈልገው እንጀራ።

ለእኛ ልጆች የሚከብደው ስሌቱ አይደለም። ያደግንበት ክፍል መምህር የሚጠይቅበት፣ ተማሪ የሚመልስበት ስለሆነ፣ በዕድሜ የሚበልጠንን ጠያቂ መልሶ መጠየቅ ድፍረት ይመስለናል። እኔም የመጀመሪያውን ፈተና የወደቅሁት በዚህ ነው፤ ስለ አንድ ቆዳ ፋብሪካ ተጠይቄ የሸመደድሁትን የግብይት ንድፍ ከዳር እስከ ዳር ስደረድር፣ ጠያቂው ሊሰጠኝ ያዘጋጀውን ሰንጠረዥ ሳልጠይቀው ሰዓቱ አለቀ። ያን ጊዜ ባስታውስ ኖሮ ጠይቆ መርታት ለአገራችን አዲስ አልነበረም፤ በጥንቱ በላ ልበልሃ ሙግት ተከራካሪው «ተጠየቅ» ሲል ሌላው «ልጠየቅ» ይል ነበር፤ ክርክሩም የሚያመራው በጥያቄ ነበር።

ስለዚህ በኮሙናሉ ሁለት ሁለት ሆነን እንቀመጣለን፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይፈታል፣ ከዚያም ቦታ ይለዋወጣሉ። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ልጅ እናቷ ለሱቆች በዱቤ እንጀራ እንደሚያስረክቡ፣ ሽያጩ እያደገ ሳለ ጤፍ መግዣ ገንዘብ ግን በየሳምንቱ እንደሚያጥራቸው ነገረችን። የዱቤ ደብተራቸውን ይዛ ትመጣለች፤ የሚቀጥለው ኬዛችን እሱ ነው።