«እሷ ምን ገብቷት?»፦ አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆችና ጾታዊ ጥቃት

አካል ጉዳት ያለባት ልጅ ጾታዊ ጥቃት ሲደርስባት ሰዎች የሚሉትን የተሳሳተ አባባል በጥቅስ አስቀምጠን ከሥሩ መልሱን እንሰጣለን።

«አይገባትም፤ ስለዚህ አትጎዳም።»
ትጎዳለች። መናገር የማትችል ልጅ በጠባይዋ ትናገራለች። ዳይፐር ሲቀየርላት መታገል፣ የተወችውን አልጋ ማርጠብ እንደገና መጀመር፣ እጇን መንከስ፣ ከአንድ ሰው ጋር መቅረትን እምቢ ማለት ሊታይባት ይችላል። ባለሙያዎች ሳይቀሩ «ከአእምሮ እድገት ውስንነቷ ነው» ብለው ያልፉታል። ጠባዩ መቼ እንደጀመረ ጻፉ። አካል ጉዳቱ የቆየ፣ ጠባዩ ግን አዲስ ከሆነ ሌላ ምክንያት ይፈለግ። በእርግጥ ምልክቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

«ዛሬ ትታጠብ፣ ነገ እንወስዳታለን።»
ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት ከጥቃቱ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል፤ በቶሎ ሲጀመር ይሻላል። ለአቅመ ሔዋን ለደረሰች ልጅ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 120 ሰዓት ይሰጣል። ጊዜው ቢያልፍም ሂዱ፤ ሌላው ሕክምና አለ። ሳትታጠብ ውሰዷት። ልብሷን በወረቀት እንጂ በፌስታል አታድርጉት፤ እርጥበት ታፍኖ ማስረጃውን ያበላሸዋል። ብዙዎች የሚዘነጉት ግን ይህ ነው፦ ፊኖባርቢታል፣ ካርባማዜፒን ወይም ፌኒቶይን የምትወስድ ከሆነ መድኃኒቱን ይዛችሁ ሂዱ። እነዚህ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች የእርግዝና መከላከያውንም አንዳንድ የኤችአይቪ መድኃኒቶችንም ስለሚያዳክሙ ሐኪሙ የመከላከያዎቹን መጠን ወይም ዓይነት ይቀይራል።

በአዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናው፣ የምክር አገልግሎቱና የሕግ ክትትሉ በአንድ ቦታ የሚሰጥበት ማዕከል አለ።

«ምርመራው ምንም ካላሳየ አልተደፈረችም።»
አብዛኞቹ ጥቃት የደረሰባቸው ልጆች ሲመረመሩ ጉዳት አይታይባቸውም፤ ቁስሉ ቶሎ ይድናል። ሴሬብራል ፓልሲ (ጡንቻን የሚያግድ የአንጎል ጉዳት) ኖሮባት እግሯ ካልተከፈተ በጎኗ ተኝታ ትመርመር እንጂ በግድ አይከፈት።

«እናቷ ታስተርጉምላት።»
ልጅ እናቷ ፊት ትደብቃለች፤ እናትም ያልተባለውን ትሞላለች። ትምህርት ቤት ያልገባች መስማት የተሳናት ልጅ የምትግባባው ቤት ውስጥ በተለመደ ምልክት ስለሆነ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ብቻውን ላይረዳት ይችላል፤ ራሱ መስማት የተሳነው አዋቂ አብሮት ይቀመጥ። የምትግባባው በሥዕል ከሆነ የገላ ክፍሎች ሥዕሉ ውስጥ መኖራቸው ይታይ። ብዙ ጊዜ የሉም። «እገሌ ነው አይደል?» አትበሏት፤ ሰው ለማስደሰት «አዎ» ልትል ትችላለች። «ምን ሆነ?» በቂ ነው። ጠያቂው አንድ ሰው ይሁን፤ ጎረቤቱ ሁሉ የጠየቃት ልጅ ቃል ፍርድ ቤት ይዳከማል።

«በሽማግሌ ይለቅ።»
አይለቅም። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 627 መሠረት ከ13 ዓመት በታች ያለችን ልጅ መድፈር ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ቤተሰብ ታርቆ የሚዘጋው መዝገብ አይደለም።

«እናቷ የት ነበረች?»
ደፋሪው ብዙውን ጊዜ ቤተሰቡ ያመነው ሰው ነው። በእናትየው ከመፍረድ ልጅቷን የምታነሳና የምታጥብ ሌላ የታመነች ሴት ፈልጉላት። ያቺም ሴት ሁሌ አንድ ትሁን፤ ከመንካቷ በፊት «አሁን እግርሽን ላጥብ ነው» ትበላት፣ ልጅቷ ፊቷን ካዞረች ደግሞ ትጠብቅ።