ትሪትመንት ሬዚስታንት ዲፕሬሽን ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ሰውዬ በቪዲዮ «ድብርት ሁለት አይነት ነው፣ በመድሃኒት የሚድን አለ የማይድን አለ፣ የማይድነው ትሪትመንት ሬዚስታንት ይባላል፣ ኪኒን ወስደህ ካልተሻለህ አንተ ሁለተኛው ነህ፣ ገንዘብህን አታባክን» ሲል ሰማሁ። ከስሩ ደግሞ ሰው «በቃ እኔም እሱ ነኝ» እያለ ይጽፋል፣ እሱ ነው አንጀቴን የበላው። እኔ ፋርማሲስት ነኝ፣ ቸርችል ጎዳና አካባቢ ነው የምሰራው፣ ይሄንን ቃል ደግሞ ከባንኮኒው ወዲያ ማዶ በየጊዜው እሰማዋለሁ።

ብዙ ሐኪም የሚጠቀምበት ትርጉም ይሄ ነው፦ አሁን ባለው ህመም ቢያንስ ሁለት የድብርት መድሃኒቶች፣ በበቂ መጠን፣ ለበቂ ጊዜ ተወስደው በቂ ለውጥ ካልመጣ። «አይድንም» የሚል ነገር የትም የለበትም። ስለተሞከረው ህክምና ነው የሚናገረው እንጂ ስለሰውየው እጣ አይደለም። ሰው ሁሉ የሚዘላት ደግሞ «በበቂ» የምትለዋን ነው።

አንዲት እናት ሁለት ስትሪፕ ይዘው መጡ፣ «ልጄ፣ ሁለቱንም ሞከርኳቸው፣ አልሆነልኝም» አሉኝ። አንዱ አሚትሪፕቲሊን 25 ሚሊግራም ነው፣ ማታ ማታ ለእንቅልፍ ተብሎ የተሰጣቸው። ሌላው ፍሉኦክሴቲን፣ አስር ፍሬ ብቻ ነው የጎደለው፣ ሆዴን አመመኝ ብለው ተዉት። አሚትሪፕቲሊን ለድብርት ሲሆን ቀስ እየተባለ አብዛኛውን ጊዜ ከ75 እስከ 150 ነው የሚደርሰው (ራሳችሁ እንዳትጨምሩት፣ ሲበዛ ልብ ላይ አደገኛ ነው)፣ ፍሉኦክሴቲን ደግሞ ሰርቷል አልሰራም ለማለት ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈልጋል፣ ሆድ የሚረብሸው ግን ገና መጀመሪያ ላይ ነው። እናም እኚህ ሴት ሁለት መድሃኒት ገዙ እንጂ ሁለት ህክምና አልሞከሩም።

ከአራት ኪሎ መገናኛ የሚሄድ ሰው አስቡ። ሰልፉ ላይ አስር ደቂቃ ቆሞ ጥሎ ከሄደ ታክሲ የለም ማለት አይችልም፣ ጊዜ አልሰጠውም። ተሳፍሮ ቀበና ላይ ከወረደም መኪናው መገናኛ አይደርስም ማለት አይችልም፣ መጠኑ አልሞላም። የፒያሳውን ታክሲ የተሳፈረ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፣ ከመነሻው አቅጣጫው ተሳስቷል፣ ባይፖላር (ድብርትና ከልክ ያለፈ መነቃቃት የሚፈራረቁበት ህመም) ሆኖ ሳለ ድብርት ብቻ ነው የተባለ ሰው ልክ እንደዛ ነው፣ የድብርት ኪኒን ብቻውን ሊያባብስበትም ይችላል። የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው እጢ) ሆርሞን ማነስ፣ መጠጥና ጫትም እንደዛው አቅጣጫ ያስታሉ። ከኛ ሙያ ደግሞ አንድ ልጨምር፦ የቲቢ መድሃኒት ሪፋምፒሲን አንዳንድ የድብርት መድሃኒቶችን ደም ውስጥ ያሳንሳቸዋል፣ ስለዚህ የምትወስዱትን ሁሉ ለሐኪሙም ለፋርማሲስቱም ንገሩ። በጾም ጊዜ የጠዋቷን ኪኒን የሚዘልም ብዙ ነው፣ ከመዝለል ሰዓቱን ማዛወር ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ይሻላል።

ይሄ ሁሉ ተጣርቶም ግን የማይሻለው ሰው አለ፣ ቁጥሩም ትንሽ አይደለም። ሁለቱንም መድሃኒት በበቂ መጠን፣ ለበቂ ጊዜ ወስዷል፣ ግን አልሰሩለትም። ውጤቱ እ.ኤ.አ በ2006 የወጣው ስታር ዲ የተባለው የአሜሪካ ጥናት ወደ 4,000 ሰው መዝግቦ ነበር፣ በመጀመሪያው መድሃኒት ምልክቱ የጠፋለት ሲሶ ገደማ ነው፣ በሁለተኛው ሙከራ ከገቡት ደግሞ 30 ከመቶ አካባቢ፣ በሶስተኛውና በአራተኛው ወደ 14ና 13 ከመቶ ወረደ። በኋላ መረጃውን እንደገና ያዩ ተመራማሪዎች ይሄም ተጋኗል ብለዋል። ያም ሆኖ በአራተኛው ሙከራ የተሻለው ሰው አለ፣ እና የቪዲዮው ሰውዬ ያንን ሰው ነው ቤትህ ግባ የሚለው።

ሸክሙን ደግሞ በቁጥር ብቻ አታዩትም። ሰውየው ስራ ፈቷል፣ አስታማሚ ሆና የምትመጣው እህቱም በየቀጠሮው ከስራ ትቀራለች፣ ከክፍለ ሀገር ከሆነ ትራንስፖርቱና ማደሪያው አለ፣ እያንዳንዱ አዲስ መድሃኒት የራሱን ማቅለሽለሽ፣ ውፍረት ወይ የወሲብ ፍላጎት መጥፋት ይዞ ይመጣል፣ ቤተሰቡም ሲደክመው «አንተ ራስህ መዳን አትፈልግም» ማለት ይጀምራል። መድሃኒት እንዲህ ያልሰራለት ሰው ራሱን የማጥፋት አደጋው ከሌላው የድብርት ታማሚ ከፍ ያለ ነው። ሐሳቡ ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በዛው ቀን ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው።

ሆስፒታሉም ላይ ይከብዳል፣ ምርመራው ይደጋገማል፣ አልጋ ይያዛል፣ ተመላላሽ ክፍሉ ውስጥ ሐኪሙ በር ላይ የተሰለፈውን እያየ ለአንድ ሰው የሚሰጠው ደቂቃ ትንሽ ነው።

የቀረው ምንድን ነው ካላችሁ፣ ብዙ ነው። መድሃኒት መቀየር አለ፣ በላዩ ላይ ሊትየም የተባለውን መድሃኒት ወይ ሌላ መደረብ አለ (ሊትየም ደም ውስጥ ያለው መጠን፣ ኩላሊትና ታይሮይድ ካልታየ አይወሰድም)፣ የንግግር ህክምና አለ። እ.ኤ.አ ከ1938 ጀምሮ ያለው የኤሌክትሪክ ህክምናም አለ፣ ሰው እንደ ቅጣት ነው የሚያየው፣ ግን በማደንዘዣ ነው የሚሰጠው፣ ለከባድ ድብርትም ካሉን ሁሉ ብርቱው እሱ ነው፣ ለጊዜው የማስታወስ ችግር ማምጣቱም እውነት ነው። ከማደንዘዣው ኬታሚን የተገኘው ኤስኬታሚን የተባለ የአፍንጫ ስፕሬይ እ.ኤ.አ በ2019 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል፣ እሱም ጤና ተቋም ውስጥ ተወስዶ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ክትትል የሚደረግለት ነው፣ ስለዚህ እኛ ጋ ለማደንዘዣ ያለውን ኬታሚን በጓዳ ፈልጉ ማለቴ አይደለም።

ጸበል የሚሄዱ ደንበኞቼንም አልከለክልም፣ የምለምናቸው መድሃኒቱን በአንዴ እንዳይቆርጡ ብቻ ነው።

እና እባካችሁ የወሰዳችሁትን ጻፉ፦ ስሙን፣ ስንት ሚሊግራም እንደሆነ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደወሰዳችሁ፣ ለምን እንደተዋችሁት፣ ከገበያ ጠፍቶ ከሆነም እሱኑ። ካርድ ይጠፋል፣ ሐኪም ይቀየራል፣ አዲሱ ሐኪም ምንም ካላገኘ ከመጀመሪያው መድሃኒት ይጀምራል፣ ታማሚው ያንኑ ስምንት ሳምንት ደግሞ ይጠብቃል። ወረቀት ከሌላችሁ ባዶ ስትሪፖቹን በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፣ እሱም ይበቃል።