ደመና ውሃ የሚያጠራቅም ከረጢት አይደለም

ትንንሽ ልጆችን ስለ አየር ሁኔታ በቤት ውስጥ ሙከራ ማስተማር ሥራዬ ነው፤ እወደዋለሁም። የሚያበሳጨኝ ከሙከራው በኋላ የሚመጣው ማብራሪያ ነው። በተለይ አንዱን መስማት ሰልችቶኛል፦ «ደመና ውሃ ይይዛል፣ ሲሞላና ሲከብደው ይዘንባል።» እሱ ጋ እንደርሳለን። መጀመሪያ ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ እንጨርሳቸው።

«ነጎድጓድ ደመናዎች ሲጋጩ የሚሰማ ድምፅ ነው።» አይደለም። መብረቅ የሚያልፍበትን አየር እስከ 30,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያግለዋል። አየሩ በቅጽበት ሲስፋፋ ነው የሚጮኸው። ቤት ውስጥ ሆናችሁ ብልጭታውን ካያችሁ ጀምሮ ድምፁ እስኪመጣ ከልጃችሁ ጋር ሴኮንድ ቁጠሩ። 3 ሴኮንድ ማለት 1 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

«የዝናብ ጠብታ የእንባ ቅርጽ አለው።» ሥዕል ላይ ብቻ። ትንሹ ጠብታ ድቡልቡል ነው። ትልቁን ደግሞ አየሩ ከሥር ስለሚገፋው ጠፍጠፍ ይላል።

«ጠርሙስ ውስጥ የሚሽከረከረው ውሃ ቶርኔዶ ነው።» ሽክርክሪቱ ያምራል፤ ሥሩት። ግን ጠርሙሱ ውስጥ ውሃው ወደ ታች እየፈሰሰ ነው። በቶርኔዶ፣ ማለትም ከደመና እስከ መሬት በሚዘረጋው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ውስጥ፣ አየሩ እየተሽከረከረ ወደ ላይ ነው የሚወጣው። ይህን ሳትነግሯቸው አትለፉ።

አሁን ወደ ደመናው። ሙከራውን ሳታዩት አትቀሩም። ውሃ ያለበት ብርጭቆ ላይ የጺም መላጫ አረፋ ይደረጋል። አረፋው «ደመና» ይባላል። በላዩ ላይ የምግብ ቀለም ጠብ ጠብ ይደረግበታል። ትንሽ ቆይቶ ቀለሙ አረፋውን አልፎ ውሃው ውስጥ ይወርዳል። ልጆቹ ይጮኻሉ፣ ስልክ ይወጣል፣ ቪዲዮ ይቀረጻል። «አያችሁ፣ ደመናው ሲሞላ ዘነበ!»

እዚህ ውስጥ የተነነ ውሃ የለም። የቀዘቀዘ አየር የለም። ከማይታይ ወደሚታይ የተለወጠ ነገር የለም። አረፋው ዕቃ ነው፤ የምንሞላውም እኛ ነን። ልጁ የሚማረውም ይህንኑ ነው፦ ደመና ዕቃ ነው።

አንድ ልጅ ይህን ሙከራ ቤቱ ሠርቶ መጣ። «ታዲያ ዛሬ ሰማዩ ሁሉ ደመና ሆኖ ለምን አልዘነበም?» አልኩት። «ገና አልሞላማ!» አለኝ፣ ምንም ሳያመነታ። ልጁ አልተሳሳተም። ያሳየነውን ነው የመለሰልን።

እውነታው ይህ ነው። ደመናው ራሱ ጠብታ ነው። ውሃውን የያዘ ሌላ ነገር የለም። እያንዳንዷ ጠብታ 0.02 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት አላት። በጣም ደቃቅ ስለሆነች የምትወርደው በዝግታ ነው፤ ወደ ላይ የሚወጣ አየር በቀላሉ ያቆያታል። «ሲከብደው ይዘንባል» የሚለውም አያስኬድም። በየአቅጣጫው 1 ኪሎ ሜትር የሆነ ተራ ነጭ ደመና 500 ቶን ያህል ውሃ ሊኖረው ይችላል። እንዲያም ሆኖ አንዲት ጠብታ ሳይጥል ሊበተን ይችላል። የሚዘንበው ደቃቆቹ ጠብታዎች እየተጋጩ ሲዋሃዱ ወይም ከፍ ብሎ በሚቀዘቅዘው ደመና ውስጥ የበረዶ ቅንጣቶች ሲያድጉ ነው። 2 ሚሊ ሜትር ስፋት ላላት አንዲት የዝናብ ጠብታ አንድ ሚሊዮን ያህል ደቃቅ ጠብታዎች ያስፈልጋሉ።

ይህን ለማሳየት አረፋ አያስፈልግም። መስኮት ላይ በመርጫ ጠርሙስ ውሃ ርጩ። ትንንሾቹ ጠብታዎች ባሉበት ይቀመጣሉ። ደጋግማችሁ ስትረጩ ጎረቤታሞቹ ይነካካሉ፣ ይዋሃዳሉ። አንዷ ትልቅ ትሆንና በድንገት ትወርዳለች፤ በመንገዷ ያገኘቻቸውንም ይዛ ትሄዳለች። መስኮቱ ላይ የሚይዛቸው መስታወቱ እንደሆነ፣ ሰማይ ላይ ግን አየሩ እንደሆነ ንገሯቸው። ልጆች ይህን ልዩነት ይረዳሉ፤ አትናቋቸው።

ደመናውን ራሱን መሥራት ለሚፈልግ ደግሞ፦ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ ትንሽ ሙቅ ውሃ ጨምሩ፤ ክዳኑን ገልብጡና በረዶ ሙሉበት፤ ጠርሙሱ ላይ አስቀምጡት። ብዙ ወላጅ እዚህ ላይ ያቆምና «አልሠራልኝም» ይለኛል። የጎደለው ጭስ ነው። የውሃ ተን ጠብታ ለመሆን የሚያርፍበት ብናኝ ይፈልጋል። ስኮትላንዳዊው ጆን አይትከን ይህን እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ በሙከራ አሳይቷል። ስለዚህ ክብሪት ለኩሱ፣ አጥፉት፣ ጭሱን ወደ ውስጥ አስገብታችሁ ቶሎ ክደኑ። ክብሪቱን የሚነካው አዋቂ ብቻ ነው። ከጠርሙሱ ጀርባ ጥቁር ወረቀት አድርጋችሁ ከጎን ባትሪ አብሩበት። ደመናው ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ።

እግረ መንገዴን፦ «ደመና እንፋሎት ነው» የሚሉም አሉ። የውሃ ተን አይታይም። የሚፈላ ማንቆርቆሪያን ራቅ ብላችሁ አስተውሉ። ልክ አፉ ላይ ምንም የማይታይበት ክፍተት አለ፤ ተኑ ያለው እዚያ ነው። ከዚያ በላይ የሚታየው ነጩ ነገር ቀዝቅዞ ጠብታ የሆነው ነው።

የመጨረሻው የልጆቹ የራሳቸው ነው፦ «በረዶ ያለበት ብርጭቆ የሚያልበው ውሃው ከውስጥ ሾልኮ ነው።» የተለመደው መልስ ውሃውን ቀይ ቀለም መቀላቀል ነው። ላቡን በነጭ ሶፍት ትጠርጉታላችሁ፤ ሶፍቱ አይቀላም። እኔም ይህን አሳየሁ። አንዲት ልጅ ግን «ቀለሙ ውስጥ ቀርቶ ውሃው ብቻ አልፎ ቢሆንስ?» አለች። ጎበዝ! ልክ ናት፣ ቀለሙ ይህን አያረጋግጥም። በረዶ የሞላ ጠርሙስ ጥርቅም አድርገን ከድነን የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀመጥነው። ሲያልበው ክብደቱ ጨመረ። ከውስጥ የወጣ ውሃ ክብደት አይጨምርም፤ የመጣው ከአየሩ ነው።

ሚዛን ከሌላችሁ ባዶ፣ ደረቅ ብርጭቆ ፍሪጅ ውስጥ አቆይታችሁ አውጡት። ውስጡ የሚሾልክ ውሃ የለም። የክፍሉ አየር በጣም ደረቅ ካልሆነ ግን ያልበዋል።