ኤምዲ5 ምንድን ነው? የተሰበረውስ የቱ ጋ ነው?

ኤምዲ5 ከማንኛውም ፋይል ወይም ጽሑፍ «ሃሽ» የሚባል አጭር መለያ የሚያወጣ የሂሳብ ቀመር ነው። «ኤምዲ5 ተሰብሯል፤ ስለዚህ ሃሹን የያዘ ሰው ፈትቶ ዋናውን ፋይል ያገኛል» የሚል አስተያየት ሰሞኑን ደግሞ አነበብኩ። ስንተኛዬ እንደሆነ እንጃ።

ኧረ አይደለም ወዳጄ! ፊልምም አስገባ አንድ ቃል፣ የሚወጣው ያው 128 ቢት ነው። ፊልሙ እዚያ ውስጥ የለም። የሌለ ነገር ከየት ይፈታል?

እንደ ጣት አሻራ እንየው። ከአሻራ ተነስቶ የሰውን መልክ መሳል አይቻልም። የተቻለው ሌላ ነው፦ አንድ አሻራ የሚጋሩ መንትዮችን፣ ማለትም ሃሻቸው አንድ የሆነ ሁለት የተለያዩ ፋይሎችን መፍጠር። ሁለቱንም የሚፈጥራቸው ግን አጥቂው ራሱ ነው። አሻራው ቀድሞ ለተመዘገበ ሰው መንትያ ማምጣት በተግባር ዛሬም አልተቻለም።

«ታዲያ ምን ችግር አለው?» የሚለውም ያናድደኛል። ሮናልድ ሪቨስት ኤምዲ5ን የነደፈው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። በ1996 ስንጥቅ ታየበት። በ2004 ቻይናዊቷ ተመራማሪ ሺያዩን ዋንግና ባልደረቦቿ መንትዮቹን ይዘው ቀረቡ። ዛሬ ተራ ላፕቶፕ በሰከንዶች ይሠራቸዋል። አጥቂው ጨዋውን መንትያ ለዲጂታል ፊርማ ይልካል። የሚፈረመው አሻራው ላይ ስለሆነ ለዱርዬውም ተፈረመለት ማለት ነው። በ2008 ተመራማሪዎች 200 ገደማ ፕሌይስቴሽን 3 የጨዋታ ማሽኖች አገናኝተው በዚህ ዘዴ ለድረ ገጾች ሰርተፍኬት (ዲጂታል የማንነት ማረጋገጫ) የመስጠት ሥልጣን ያለው ሐሰተኛ ሰርተፍኬት ሠሩ። በ2012 የተጋለጠው ፍሌም የተባለው የስለላ ሶፍትዌርም ማይክሮሶፍት የፈረመበት መስሎ ያለፈው እንዲሁ ነው።

በሃሹ መልክ የሚቀመጥ የይለፍ ቃል ጉዳይ ለብቻው ነው። እዚያ ኤምዲ5ን የጣለው ፍጥነቱ እንጂ መንትዮቹ አይደሉም። አንድ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ በሰከንድ ቢሊዮኖች ግምት ይሞክራል። «ኤምዲ5 እንፈታለን» የሚሉት ድረ ገጾችም የሚፈቱት ነገር የለም፤ ቀድመው ካሰሉት ዝርዝር ውስጥ ነው የሚፈልጉት። «123456»ን ማግኘት ምን ጥበብ አለው? ሻ-256 ወደሚባለው ሌላ የሃሽ ቀመር ቀይሬ ተገላገልኩ የሚል ካለ ደግሞ አልተገላገለም፤ እሱም ፈጣን ነው። ለይለፍ ቃል ሆን ተብለው የዘገዩት ቢክሪፕትና አርገን2 አሉ።

በነገራችን ላይ፣ ከሚስጥር ቁልፍ ጋር በኤችማክ (መልእክት እንዳልተነካ በቁልፍ በሚያረጋግጥ ዘዴ) ውስጥ የገባ ኤምዲ5 በመንትዮቹ ጥቃት አልወደቀም። ለአዲስ ሥራ ምረጡት ማለቴ ግን አይደለም። ፋይል ሲገለበጥ በድንገት መበላሸቱን ለማየትም ኤምዲ5 ይበቃል። ፋይሉን ያዘጋጀውን ሰው የማታምኑት ከሆነ ግን አይበቃም።