ዴክሳ ምንድን ነው? ራጁ «ደህና ነው» ካለ በኋላም የሚጠየቅ ጥያቄ

የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ። ከአራዳ ቁልቁል ሲወረድ ኮብልስቶኑ ሳሙና ነው። አክስቴን እዚያ አዳለጣትና በእጇ ልደገፍ ስትል አንጓዋ ተሰበረ። ጎረቤት ሁሉ «ወጌሻ ጋ!» ሲል እኛ ሐኪም ጋ ወሰድናት፣ ራጅ ተነሳች፣ ጄሶ ታሰረላት፣ «ሌላ ችግር የለም» ተባልንና ደስ ብሎን ወጣን።

ለካ ራጅ ስብራትን እንጂ የአጥንትን ጥንካሬ አይለካም! መሳሳቱ በራጅ ላይ በደንብ እስኪታይ ድረስ አጥንቱ ከማዕድኑ 30 በመቶ ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ አጥቷል።

ይህን ቀድሞ የሚለካው ዴክሳ ነው። ማሽኑ ጉልበታቸው የሚለያይ ሁለት ዓይነት ጨረሮችን ይልካል፤ አጥንትና ሥጋ የሚያስቀሩት መጠን ስለማይመሳሰል ልዩነቱን አስልቶ የአጥንቱን እፍጋት ያወጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው ወገብና ዳሌ ነው። መርፌ የለው፣ ዋሻ ውስጥ መግባት የለው፣ 15 ደቂቃ ገደማ መተኛት ብቻ። ጨረሩም ከደረት ራጅ ያንሳል። የካልሲየም እንክብል የሚወስድ ሰው ግን ከአንድ ቀን በፊት ያቆማል፣ እርጉዝም ካለች ቀድማ ትናገር።

ሰው የሚደናገረው ውጤቱ ላይ ነው። ቲ-ስኮር የሚባለው ቁጥር በመቶኛ አይደለም፤ አጥንታችሁ ከጤነኛ ወጣት ሴት አጥንት ምን ያህል እንደራቀ ነው የሚናገረው። ከ-1 ጀምሮ ወደ ላይ ደህና ነው። በ-1 እና በ-2.5 መካከል ከሆነ ቀንሷል፣ -2.5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የአጥንት መሳሳት፣ ኦስቲዮፖሮሲስ ማለት ነው። (ወገቡ በእርጅና ከሻከረ ማሽኑ አጥንቱ ጠንካራ መስሎት ሊሸወድ ይችላል፣ ዳሌም የሚለካው ለዚህ ጭምር ነው።)

ማሽኑ በየሆስፒታሉ የለም፣ ሪፈር ሊያስፈልግ ይችላል። ቢሆንም 65 ዓመት የሞላት ሴት፣ የወር አበባዋ ያለጊዜው የቆመ፣ ፕሬድኒሶሎን የተባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የወሰደ፣ ወይም ከ50 ዓመት በኋላ ቆሞ ሳለ ወድቆ የተሰበረ ሰው «ዴክሳ ያስፈልገኛል ወይ?» ብሎ ሐኪሙን ይጠይቅ። ቁመት ማጠርም ምልክት ነው፣ አከርካሪ ሳያሳምም ሊሰበር ይችላልና።

የአክስቴ ቀሚስ መሬት መጎተት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ልብስ ሰፊ ጋ ወስደን አሳጠርነው።